ያገለገለ ሞተር ብስክሌት ሲንተባተብ



በዚህ ገጽ ላይ አብዛኛውን ጊዜ የሚጻፈው ስለ ሕፃናት አመጋገብ፣ ስለ ቤት ወጪ አያያዝና ስለ ትዳር ነው። እኔ ዛሬ የምጽፍላችሁ ስለ ካንዴላና ስለ ካርቡራተር ነው። «ይህማ የወንዶች ወሬ ነው» ብላ ገጹን ልታልፍ የፈለገች እኅት ብትኖር፣ ከማለፏ በፊት ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ቦንጋ ከተማ አስፋልቱ ዳር ቆማ የሚያልፈውን ሞተር ብስክሌት ትቁጠርልኝ። መምህርቷ ከኋላ ተፈናጣ ወደ ትምህርት ቤቷ ትሄዳለች። ነጋዴዋ የማር ዕቃዋን አቅፋ ከጊምቦ በኩል ትመጣለች። ምጥ የያዛት ሴት መኪና ከማይገባበት ቀበሌ በሞተር ብስክሌት ተደግፋ ስትወጣ ያላየ የጤና ሠራተኛ በካፋ ውስጥ ብዙ ያለ አይመስለኝም። ከተማችን በ2014 ዓ.ም. የተመሠረተው የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል መቀመጫ ከሆነች ወዲህ ደግሞ ሰውም ጉዳዩም በዝቷል፤ ዳገቱ ግን ያው ዳገት ነው።

ከእነዚህ ሞተር ብስክሌቶች ብዙዎቹ አዲስ አይደሉም። ከመሥሪያ ቤት በጨረታ የወጡ፣ ከጅማ ወይም ከአዲስ አበባ በሁለተኛና በሦስተኛ እጅ የመጡ ናቸው። የሚገዙበትም ገንዘብ ብዙውን ጊዜ የእናት እቁብ ነው። ልጄ ሥራ ፈትቶ ከሚውል ብላ እቁቧን አውጥታ ትገዛለታለች። ሞተሩ በተንተባተበ ቁጥር የመካኒኩ ሒሳብ የሚወጣው ከሽሮውና ከበርበሬው ገንዘብ ላይ ነው። ስለዚህ ሞተር ምን ሲጎድለው እንደሚንተባተብ ማወቅ የቤት አስተዳደር ጉዳይ ነው ባይ ነኝ።

እኔ ነርስ ነኝ። በየሳምንቱ የክትባት ሳጥን ይዤ ከቦንጋ ወደ ገጠር ቀበሌዎች እወጣለሁ። በሳጥኑ ውስጥ ያለው ክትባት ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ባለው ቅዝቃዜ ውስጥ መቆየት አለበት፤ የሚያቀዘቅዘው በረዶ ደግሞ ሰዓት ቆጥሮ ይሟሟል። መንገድ ላይ የሚቀር ሞተር ማለት ልጆቻቸውን ታቅፈው ዛፍ ሥር የሚጠብቁ እናቶች እንደመጡ ይመለሳሉ ማለት ነው። እቁብ ሲደርሰኝ አንድ ያገለገለ ሞተር ብስክሌት የገዛሁትም ለዚህ ነበር። የፋብሪካውን ስም አልጠራም፤ የሻጩንም እንደዚሁ። ሊብሬው የተስተካከለ፣ የሻንሲውና የሞተሩ ቁጥር ከሊብሬው ጋር የሚገጥም፣ በጠዋት ሄጄ ቀዝቃዛውን ሞተር ሳስነሣው በሁለተኛው እርግጫ የተነሣ ነበር።

በሁለተኛው ሳምንት ዳገት ላይ ማሳል ጀመረ። አንድ ጋራዥ ወሰድሁት። ወጣቱ መካኒክ ገና ቁልፉን ሳያዞር «ሲስተር፣ ፋሻው አልቋል፤ ሞተሩ ይውረድ» አለኝ። ፋሻ የሚባለው ፒስተኑ ላይ የሚጠለቀው ቀለበት ነው፤ እርሱን ለመቀየር ሞተሩ ወርዶ መፈታት አለበት። ወጪውን ሲነግረኝ ከወር ደመወዜ የሚተርፍ ነገር አልነበረም። ፋሻው ያለቀ ሞተር ግን በጭስ ማውጫው ሰማያዊ ጭስ ያወጣል፤ ዘይት ይጠጣል፤ መርገጫውም ሲረገጥ ልል ይላል። የእኔው ከሦስቱ አንዱንም አላሳየም። «ወንድሜ፣ በሽተኛ ሳይጠየቅ ሆዱ አይቀደድም» ብዬ ሞተሬን እየገፋሁ ወጣሁ።

የጤና ሰው በሽተኛን ሲመረምር የመጀመሪያው ሥራው መጠየቅ ነው። መቼ ጀመረህ? ሲነጋ ይብሳል ወይስ ሲመሽ? ሲበሉ ነው ወይስ ሲራቡ? ሕፃን ከሆነ የምትጠየቀው እናቱ ናት፤ ከእርሷ የበለጠ የሚያውቀው የለምና። ሞተርም አፍ የለውም፤ የሚናገርለት በየቀኑ የሚነዳው ሰው ነው። «ይንተባተባል» ብቻ ብሎ ለመካኒክ መስጠት «ልጄን አሞታል» ብሎ ዝም እንደ ማለት ነው። ስለዚህ ደብተር አውጥቼ ጻፍሁ። ጠዋት በቾክ ወዲያው ይነሣል (ቾክ ሞተሩ ሲቀዘቅዝ አየሩን ቀንሶ ቤንዚኑን የሚያበዛለት መሳቢያ ነው)። ሜዳ ላይ ደኅና ይሄዳል። 20 ደቂቃ ያህል ከተጓዘ በኋላ ዳገት ላይ ነዳጅ ስሰጠው ይቆራረጥና ይጠፋል። 5 ደቂቃ ካረፈ ይነሣል፤ ጥቂት ሄዶ ያንኑ ይደግማል። ቆሞ በሚኒሞ ሲሠራ ደግሞ ድምፁ አንድ ዓይነት አይደለም፤ ከፍ ዝቅ ይላል። በመጨረሻም፣ መቆራረጥ ሲጀምር ቾኩን በግማሽ ብስበው ይሻለዋል።

ይህች የመጨረሻዋ መስመር ከሁሉም የበለጠ ትናገራለች። ምክንያቱን ላስረዳ። የቤንዚን ሞተር የሚፈልገው ሦስት ነገር ነው፤ ቤንዚን፣ አየርና የእሳት ብልጭታ። መጠንም አለው፤ 1 ግራም ቤንዚን በደንብ እንዲቃጠል 15 ግራም ያህል አየር ይፈልጋል። አነስተኛ ሞተር በሚኒሞ በደቂቃ 1,400 ዙር ያህል ይዞራል፤ ባለ አራት ምት ከሆነ በየ2 ዙሩ አንድ ጊዜ ይቀጣጠላልና በደቂቃ 700 ጊዜ ያህል ይቀጣጠላል ማለት ነው። ከ700ው ጥቂቱ እንኳ ሲከሽፍ እጃችሁ መሪው ላይ ያውቀዋል። እንግዲህ ቾክ ሲሳብ የሚሻለው ከሆነ፣ ወይ ቤንዚኑ አንሶታል ወይ አየሩ በዝቶበታል። በተቃራኒው ቾክ የሚያብሰው ከሆነና ጥቁር ጭስ ካወጣ፣ የበዛው ቤንዚኑ ነው። ቾክ ለውጥ ካላመጣለትና እንደ መብራት ድርግም ብሎ ከጠፋ ደግሞ ኤሌክትሪኩን መጠርጠር ይገባል። ይህን ያህል ለመለየት አንድ ብሎን እንኳ መፍታት አላስፈለገም።

የቤንዚን መንገድ ሲዘጋ ምን እንደሚደረግ ከመጀመሪያዎቹ መካከል ሆና ያሳየችው ሴት ናት። ቤርታ ቤንዝ ትባላለች። እ.ኤ.አ. በነሐሴ 1888 ለባሏ ለካርል ቤንዝ ሳትነግር ሁለት ወንዶች ልጆቿን ይዛ፣ እርሱ የሠራውን ባለ ሦስት እግር መኪና አስነሥታ ከማንሃይም ወደ እናቷ አገር ወደ ፕፎርትስሃይም ሄደች። ርቀቱ 100 ኪሎ ሜትር ከፍ ይላል፤ ከጅማ ቦንጋ እንደ መምጣት ያለ ነው። በጊዜው ማደያ የሚባል ነገር ስላልነበረ ነዳጁን የገዛችው ከመድኃኒት ቤት ነው። መንገድ ላይ የነዳጁ ቧንቧ ሲደፈን በባርኔጣዋ መርፌ ጠረገችው። የእሳቱ ሽቦ ልባሱ ሲያልቅ ደግሞ በካልሲ ማሰሪያዋ ሸፈነችው። የዚያን ጊዜ መኪናና የዛሬ ሞተር ብስክሌት በብዙ ነገር ይለያያሉ፤ የሚያስቆሟቸው ሁለቱ ነገሮች ግን ዛሬም አልተለወጡም።

ወደ እኔው ሞተር ልመለስ። ደንቤ አንድ ነበር፤ ገንዘብ ከማያስወጣው መጀመርና በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ መንካት። ሦስት ነገር በአንድ ቀን የነካካ ሰው ቢሻለውም የቱ እንዳሻለው አያውቅም፤ ቢብስበትም እንዲሁ።

መጀመሪያ ቤንዚኑን አየሁት። ከታንኩ ሥር ካለው መዝጊያ ጥቂት ቤንዚን በንጹሕ ብርጭቆ ቀድቼ ሩብ ሰዓት አስቀመጥሁት። ውሃ ከቤንዚን ይከብዳልና ካለ ከሥር ይዘቅጣል፤ እንደ ዶቃ እየተንከባለለ ይታያል። እንደ ካፋ ዝናብ በሚበዛበት አገር ውሃ በታንኩ አፍ ይገባል፤ ግማሽ ባዶ ሆኖ በሚያድር ታንክ ውስጥም እርጥበቱ ጤዛ ይሆናል። በጨረታ ከመሸጡ በፊት ወራት የቆመ ሞተር ከሆነ ደግሞ ዝገትም አለ፤ የቆየው ቤንዚን ራሱ እንደ ሙጫ ሆኖ የካርቡራተሩን ቀጫጭን ቀዳዳዎች ይደፍናል። ማደያ ላይ ሰልፍ ሲበዛ ከመንገድ ዳር በሃይላንድ ጠርሙስ የሚሸጠውንም ቤንዚን በብርጭቆ ሳያዩ ማመን አይገባም። ላምባ የተቀላቀለበት ቤንዚን በዓይን አይለይም፤ ነገር ግን ጥቂት ነጭ ወረቀት ላይ ቢንጠባጠብ ንጹሑ ቤንዚን ቶሎ ሲተን ላምባው የቅባት ምልክት ጥሎ ይቀራል። የእኔው ንጹሕ ሆኖ ተገኘ።

ስለ ጠርሙሱ ካነሣሁ አንድ ነገር ሳልናገር ማለፍ አልችልም። ቤንዚንና ላምባ በውሃ ጠርሙስ ተደርጎ አልጋ ሥር የሚቀመጥበት ቤት ብዙ ነው። ሕፃን የሚያውቀው የውሃ ጠርሙስ መሆኑን ብቻ ነው። የጠጣ ልጅ ቢያጋጥማችሁ ጣት ጉሮሮው ውስጥ ከትታችሁ ወይም ጨው በጥብጣችሁ አታስመልሱት። ቤንዚን ከሆድ ይልቅ የሚጎዳው ሳንባን ነው፤ ሲያስመልስ ወደ ሳንባው ይገባል። ልብሱ ላይ የፈሰሰበት ካለ አውልቃችሁ፣ ገላውን አጥባችሁ፣ ወዲያውኑ ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዱት፤ ደኅና ቢመስልም ውሰዱት። በዚሁ ምክንያት ቤንዚንን በጎማ ቱቦ በአፍ ስቦ መቅዳትም ክፉ ልማድ ነው፤ አዋቂዎችም የሚታመሙበት ነውና።

ቤንዚኑ ንጹሕ ከሆነ ታዲያ ለምን ያንሰዋል? የሚቀጥለውን ሙከራ ያደረግሁት መንገድ ላይ ነው። ወደ ውሽውሽ በሚወስደው መንገድ ዳገት ላይ መቆራረጥ ሲጀምር አቆምሁና የታንኩን ክዳን ከፈትሁት። እስስስ ብሎ አየር ወደ ውስጥ ሲገባ ሰማሁ። ክዳኑን ላላ አድርጌ ሳስነሣው ዳገቱን ምንም ሳይል ወጣ። ነገሩ እንዲህ ነው። የዘይት ቆርቆሮ በአንድ ቦታ ብቻ ሲበሳ ዘይቱ አልወርድ ይላል፤ ሁለተኛ ቀዳዳ ሲበሳለት ይፈስሳል። የቤንዚን ታንክ ክዳንም ለዚሁ የተበጀች አንዲት ትንሽ መተንፈሻ አለችው። የእኔዋ በደረቀ ጭቃ ተደፍና ነበር። ቤንዚኑ ሲጎድል የሚተካው አየር አይገባም፤ ቤንዚኑ ከመውረድ ይታገዳል፤ ሞተሩ ሲያርፍ ጥቂት ጥቂት እያለ ይወርዳል፤ ለዚህ ነው 5 ደቂቃ ሲያርፍ የሚነሣው። ክዳኑን ፈትቼ በሳሙና ውሃ አጠብሁት፤ ቀዳዳዋን በልብስ መርፌ ጠረግኋት። መርፌ እንደ ቤርታ ቤንዝ ጊዜ ዛሬም ይሠራል። ለካርቡራተር ቀዳዳ ግን መርፌ እንዳታስገቡ፤ ቤንዚን የሚለካው ያ ናስ በቀላሉ ይቧጠጥና ልኩን ያጣል። እርሱ የሚጸዳው በማጠቢያ ፈሳሽና በአየር ግፊት ነው።

ዳገቱ ተስተካከለ፤ በሚኒሞ ከፍ ዝቅ ማለቱ ግን አልቀረም። ያገለገለ ዕቃ ሁልጊዜ አንድ ሕመም ብቻ ይዞ አይመጣም። አሁን የተረፈው አየሩ ነው አልሁ። የአየር ማጣሪያውን ከፍቼ አየሁ፤ በበጋ አቧራ፣ በክረምት ጭቃ ይሞላል፤ ለብዙ ጊዜ በቆመ ሞተር ውስጥ ተርብ ጎጆ ሠርቶበት የተገኘም አለ። የእኔው ስፖንጅ በመሆኑ በሳሙና አጥቤ በጥላ አደረቅሁት። በዚያም ለውጥ አልመጣም። ከዚያ ካንዴላውን አስፈታሁ። ደኅና የሚሠራ ሞተር ካንዴላ ጫፉ የተቆላ ቡና መጀመሪያ ላይ የሚያወጣውን ፈዘዝ ያለ ቡናማ መልክ ይይዛል፤ ይህን ለካፋ ሰው ማስረዳት አይቸግረኝም። ጥላሸት ከለበሰ ቤንዚን በዝቶበታል፤ እርጥብና ዘይታም ከሆነ ዘይት እየገባ ነው። የእኔው እንደ አመድ ነጭ ነበር። አየር በዝቶበታል ማለት ነው፤ ስለዚህ ካላስፈላጊ ቦታ አየር የሚገባበት ቀዳዳ አለ።

በዚህ መሐል አንድ ሰው «ሞተሩ ከአዲስ አበባ የመጣ ነው፤ የአገሩ አየር አልተስማማውም» አለኝ። ፍጹም ውሸት አይደለም። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ ቦንጋ ከዚያ ብዙ ዝቅ ትላለች። አየሩ እዚያ ሳሳ ያለ ነውና ለእዚያ ተብሎ ቤንዚኑ የተቀነሰ ካርቡራተር እዚህ ሲመጣ ትንሽ ያንሰዋል። ነገር ግን ይህ ልዩነት ሞተርን ጥቂት ያደክመው እንደሆነ ነው እንጂ በሚኒሞ እንዲህ አያንገዳግደውም።

ቀዳዳውን ያገኘሁት በሳሙና ውሃ ነው። ሞተሩን በሚኒሞ አሠርቼ፣ ካርቡራተሩን ከሞተሩ ጋር በሚያገናኘው ጎማ ዙሪያ የሳሙና ውሃ በትንሽ በትንሹ አንጠባጠብሁበት። ከሥሩ በኩል ስደርስ ድምፁ ወዲያው ተለወጠ፤ ውሃው ስንጥቁን ለጊዜው ስለደፈነው ነው። በዓይን የማይታይ፣ ጎማው ሲታጠፍ ብቻ የሚከፈት ስንጥቅ ነበር። በማስቲሽ ልለጥፈው ያለም አልጠፋም፤ ማስቲሽ ግን ቤንዚን ያሟሟዋል። አዲሱን ጎማ ከጅማ አስመጣሁ። ዋጋው ሞተሩን ለማውረድ ከተጠየቅሁት ጋር የሚወዳደር አልነበረም። ከተገጠመ በኋላ የሚኒሞውን ብሎን በጆሮዬ እየሰማሁ አስተካከልሁት፤ ከዚያ ወዲያ ቀጥ ብሎ ሠራ። ብዙ መካኒኮች መጀመሪያ የሚያዞሩት ይህንኑ ብሎን ነው፤ ሕመሙን ሳያውቁ ብሎን ማዞር ትኩሳት ያለበትን ልጅ ቴርሞሜትር መስበር ነው።

የትንሽ ቀዳዳ ነገር ከተነሣ ቢያትሪስ ሺሊንግን ላንሣላችሁ። እንግሊዛዊት መሐንዲስ ነበረች፤ በወጣትነቷ በሞተር ብስክሌት በሰዓት ከ160 ኪሎ ሜትር በላይ እየበረረች ትወዳደር ነበር። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የአገሯ ተዋጊ አውሮፕላኖች አፍንጫቸውን ድንገት ወደ ታች ሲደፉ ሞተራቸው ይታፈን ነበር፤ የካርቡራተሩ ቤንዚን አለቦታው ይሄድ ነበርና። እ.ኤ.አ. በ1941 እርሷ ያቀረበችው መፍትሔ መሐሉ የተበሳ ትንሽ የናስ ቁራጭ ነበር። ሞተሩ መውረድ ሳያስፈልገው የሚገጠም በመሆኑ በየአየር ማረፊያው እየዞረች ታስገጥም ነበር። እዚያም ቢሆን «የወንዶች ሥራ ነው» ያለ አይጠፋም።

የእናንተው ሞተር ግን የእኔ ሞተር አይደለም፤ ስለዚህ ሌሎቹንም በአጭሩ ላንሣ። ዝናብ ሲመታው ብቻ የሚቆራረጥ ከሆነ የካንዴላውን ባርኔጣና ሽቦ እዩ፤ ማታ በጨለማ ሞተሩ እየሠራ ሳትነኩት ብታዩት እሳቱ በሽቦው ስንጥቅ ሲዘል ይታያል። የካንዴላው ጫፍ ክፍተት በአነስተኛ ሞተሮች ከ0.6 እስከ 0.8 ሚሊ ሜትር ነው። ቀዝቅዞ ደኅና የሚነሣ፣ ሲግል ግን አልነሣ የሚል ከሆነ የቫልቭ ክፍተት ሊሆን ይችላል፤ ይህ የመካኒክ ሥራ ነው፤ ሞተሩ ቀዝቅዞ እንዲለካ ጠይቁ። እንደ ያማሃ ዲ.ቲ. ያሉት የቆዩት ባለ ሁለት ምት ሞተሮች ዘይት ከቤንዚን ጋር ስለሚያቃጥሉ ጥቂት ጭስ ልማዳቸው ነው፤ በእነርሱ ላይ ጭስ አይታችሁ ፋሻ አልቋል አትበሉ። ይህን ሁሉ ስታደርጉ የቡና ከሰል ከተቀጣጠለበት ቦታ ራቁ፤ ሞተርም በተዘጋ ክፍል ውስጥ አታስነሡ፤ ከጭሱ ጋር የሚወጣው መርዝ ሽታ የለውም፤ ሰው እንቅልፍ የወሰደው መስሎት ነው የሚሞተው።

ልትገዙ ስትሄዱ ሻጩ ሞተሩን አስቀድሞ አሙቆ ከጠበቃችሁ፣ ቀጠሮ ለውጣችሁ በሌላ ቀን በማለዳ ተመለሱ። እጃችሁን ወደ ሞተሩ አስጠግታችሁ መቀዝቀዙን አረጋግጡ፤ ከዚያ አስነሡት። ሜዳ ላይ አይደለም፤ ዳገት ባለበት ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ንዱት ወይም አስነዱት። ስትመለሱም አታጥፉት፤ በሚኒሞ ቆሞ ሲሠራ አንድ ሲኒ ቡና ጠጥታችሁ እስክትጨርሱ ድምፁን አዳምጡ። ሻጩ ቢቸኩል እናንተ ስኒውን አታስቀምጡ።